የዘር እህል አይበላም፦ ዓሣን እየበሉ ስለማቆየት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዓሣ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን። በሬ እንጂ ዓሣ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ትንሽ ታገሡን። ስለ ዓሣ የምንነጋገረው ነገር ለጋራ ግጦሽም፣ ለደንም፣ ለምንጭ ውሃም ይሠራል። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ሁሉም ይወስድለታል፤ ጠባቂ ከሌለው ግን ያልቃል።

አንድ ነገር እናስብ። ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ እህል ቢያልቅ ገበሬ ምን ያደርጋል? ይበደራል፣ ፍየል ይሸጣል፣ ቀን ሥራ ይሄዳል። ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ ወይም ማሽላ ግን እጁን አይሰድበትም። ዘሩ ከተበላ የሚመጣው ዓመትም አብሮ እንደተበላ ያውቃልና። ታዲያ የሐይቅ ዓሣም ዘር አለው። ልዩነቱ የእህሉ ዘር በጎተራችን ሲሆን የዓሣው ዘር ግን ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው። ዓይናችን አያየውም። ስለዚህ ሳናውቀው እንበላዋለን።

1. ሐይቃችንን እንወቅ

ከደሴ ተነሥቶ በወልዲያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማው አጠገብ ያለው ውሃ ሐይቅ ወይም ሎጎ ሐይቅ ይባላል። ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ ወደ 80 ሜትር ይጠልቃል። ከዚህ ሐይቅ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። የአርዲቦ ውሃ በአንቀርቀሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሁለቱ ሐይቆች እንደ ላይ ቤትና እንደ ታች ቤት ጎረቤት ናቸው። የላይኛው የሚያደርገው ለታችኛው ይተርፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሐይቅ ወጥቶ በመሬት ላይ የሚፈስ ወንዝ የለም። ውሃ ይገባል እንጂ እንደ ወንዝ አይወጣም። ይህ ማለት ከዳገት ታጥቦ የሚገባው አፈር፣ የልብስ ሳሙናው፣ ከማሳ የሚወርደው መድኃኒት አብዛኛው እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር። ዛሬ ግን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ደሴት የነበረ ቦታ ከየብስ ሲገናኝ ውሃ ዳሩን መልቀቁን ያሳያል። ሐይቅ እንደ ተራራ ባለበት ቆሞ የሚኖር ነገር አይደለም። ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ሊደርቅም ይችላል። በሐረርጌ የሚገኘው ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት መድረቁን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ያለ ልክ ከመቀዳቱም በላይ ደለል ሞልቶት ነበር።

በሐይቅ ውስጥ ለገበያ የሚሰገሩት ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ናቸው። እነሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። የሐይቁን ውሃ የመረመሩ ሰዎች ግን ሌላም ነገር አስተውለዋል። ውሃው ቀድሞ በጣም የጠራ ነበር፤ ቆሮሶ ከገባ በኋላ ግን ጥራቱ ቀነሰ። ምክንያቱም ቆሮሶ በውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ደቃቅ እንስሳት ይበላል። እነዚያ ደቃቅ እንስሳት ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ይበሉ ነበር። በይው ሲቀንስ ተበይው በዛ። ከዚህ የምንማረው በሐይቅ ውስጥ አንዱን ነገር ስንነካ ሌላው እንደሚነቃነቅ ነው።

2. ዓሣ እንዴት ይራባል?

ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ወንዱ አሸዋውን ወይም ጭቃውን ቆፍሮ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን ሰብስባ አፏ ውስጥ ትይዛለች። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ በአፏ ትጠብቃቸዋለች። በዚህ ጊዜ ምግብ እንኳ እምብዛም አትበላም። አንዲት እናት ቆሮሶ በመረብ ስትያዝ የሚሞተው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። በአፏ የያዘችው ሁሉ አብሮ ይሞታል።

ሌላም ቁም ነገር አለ። ትንሽ እናት የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው። ትልቅ እናት ግን ብዙ እጥፍ ትጥላለች። ስለዚህ ትልልቆቹን ሁሉ ጨርሶ መያዝም፣ ትንንሾቹን ሳይወልዱ መያዝም ጉዳት አለው።

አምባዛ ደግሞ ክረምት ሲገባና ውሃ ዳር ያለውን ሣር ሲያጥለቀልቅ ወደዚያ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። ደንገሉ፣ ቄጠማውና ሣሩ ለትንንሽ ዓሦች መደበቂያም ናቸው። ዳር ያለው ቄጠማ ታጭዶ ካለቀና መሬቱ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ከታረሰ የዓሣው ማሳደጊያ ጠፋ ማለት ነው። ጥጃ ያለ ጋጣ እንደማያድግ ሁሉ ጫጩት ዓሣም ያለ ቄጠማ አያድግም።

3. ዓሣ እንዴት ያልቃል?

ዓሣ የሚያልቀው ሰው ስለበላው ብቻ አይደለም። አበላሉን ስላላወቀበት ነው። የሚከተሉት አራት ነገሮች ዓሣን ይፈጃሉ።

አንደኛ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ። የመረብ ዓይን ማለት በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ነው። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፣ ትልቁ ይያዛል። ዓይኑ ጠባብ ከሆነ ግን ሁሉም ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ዳር ዳሩን እየጠረገ የሚጎተት መረብ። ይህ መረብ የቆሮሶን ጎጆ ያፈርሳል፣ ጫጩቱንም ጠርጎ ያወጣል።

ሦስተኛ፣ ክሩ እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ የላስቲክ መረብ። ዓሣው ስለማያየው በብዛት ይያዛል። ይህ መረብ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ቢቀር አይበሰብስም። ባለቤቱ ረስቶት ቤቱ ተኝቶ ሳለ መረቡ ግን ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

አራተኛ፣ መርዝ። ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መጨመር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ በዚያ ውሃ ያለውን ሁሉ ያደነዝዛል።

የጣናን ነገር እንመልከት። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በውስጡ ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስና ሌሎችም ደሴቶች አሉ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በደንገል ታንኳ ዓሣ ሲያሰግሩ ኖረዋል። የደንገል ታንኳ ሩቅ አይሄድም፣ ብዙም አይጭንም። ስለዚህ ዓሣውን አልጨረሰውም። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች ገቡ። ገበያውም ሰፋ።

በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዓይነት ዓሦች ያሉበት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወራት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች እየወጡ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አስጋሪዎችም ይህን አወቁ። በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘረጉ። ይህ ነገር ለሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን ድልድይ ላይ ጠብቆ እንደ መያዝ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል ቆጠሩ። ለመራባት የሚሄደው ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ጎድሎ አገኙት። አራት የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአስር ዓመት ውስጥ ነው።

4. አንድ ሒሳብ እንሥራ

እርሳስና ወረቀት ያዙ። አንድ አስጋሪ በጠባብ መረብ 40 ትንንሽ ዓሦች ያዘ እንበል። የእያንዳንዱ ክብደት 100 ግራም ነው።

40 ጊዜ 100 = 4000 ግራም። ይህም 4 ኪሎ ነው።

አሁን ደግሞ እነዚያን 40 ዓሦች ሳይዛቸው ቀረ እንበል። አሞራና ትልልቅ ዓሦች 10ሩን በሉበት። 30 ቀሩለት። የቀሩት አድገው እያንዳንዳቸው 300 ግራም ሆኑ።

30 ጊዜ 300 = 9000 ግራም። ይህም 9 ኪሎ ነው።

አስሩ ቢጠፉበት እንኳ ከ4 ኪሎ ይልቅ 9 ኪሎ አገኘ። በዚህም ላይ ከ30ዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ሳይያዙ በፊት አንድ ጊዜ ወልደዋል። ይህን ሒሳብ አስጋሪው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። «እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል» ብሎ ስለሚፈራ ነው እንጂ። የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢታገሥ ይጎዳል። ሁሉም አብረው ቢታገሡ ግን ሁሉም ይጠቀማሉ። ስለዚህ ነው ስምምነትና ሕግ የሚያስፈልገው።

5. «ይከለል» ሲባል ሰው ለምን ይፈራል?

ባለሙያ መጥቶ «ይህ ዳር ይከለል፣ በዚህ ወር አይሰገር» ሲል ብዙ ሰው ፊቱን ያዞራል። ሰውን «አላዋቂ ስለሆነ ነው» ብሎ መሳደብ አይገባም። ፍርሃቱ ምክንያት አለው።

አንደኛው ምክንያት ረሀብ ነው። በሐይቅ ዳር ካሉት አስጋሪዎች ብዙዎቹ የእርሻ መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ናቸው። መሬት የሌለው ልጅ መረቡ ነው እርሻው። «ነገ ዓሣ ይበዛል» ቢሉት «ዛሬስ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ያለፈው ታሪክ ነው። በአገራችን «ፓርክ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው መባረር ማለት ሆኖ ቆይቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ከነበረው ግጦሽ ብዙውን አጡ። ሳይጠየቅ የተከለለበት ሰው ክልሉን እንደ ጠላት ያየዋል። ዘበኛው ዞር ሲል ይገባበታል።

ሦስተኛው ምክንያት አድልዎ ነው። «እኔን ከልክለው ሌላውን ይፈቅዱለታል» የሚል ጥርጣሬ አለ። ትንሹ አስጋሪ መረቡን ሲነጠቅ ብዙ መረብ ያለው ነጋዴ ዝም ከተባለ ሕጉን የሚያከብረው አይኖርም።

አራተኛው ደግሞ እርስ በርስ መወቃቀስ ነው። አስጋሪው «ገበሬው እስከ ውሃው አርሶ ሐይቁን በአፈር ሞላው» ይላል። ገበሬው «አስጋሪው ዓሣውን ፈጀው» ይላል። የታችኛው «የላይኛው ወንዙን ለመስኖ ጠለፈው» ይላል። ሁሉም እውነት አለው፤ ሁሉም ግን የራሱን ድርሻ አይናገርም።

6. ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ

ፊሊፒንስ የሚባል በእስያ የሚገኝ አገር አለ። አገሩ ብዙ ሺህ ደሴቶች አሉት። ከእነዚህ አንዷ አፖ ትባላለች። በጣም ትንሽ ደሴት ናት። ሕዝቡ የሚኖረው ዓሣ በማስገር ነው። እዚያም ፈንጂ እየጣሉ፣ መርዝ እየረጩ፣ ጠባብ መረብ እየዘረጉ ዓሣው ተመናመነ። አስጋሪዎቹ ዓሣ ፍለጋ ከደሴታቸው እየራቁ መሄድ ጀመሩ።

አንጄል አልካላ የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ምሁርና ጓደኞቻቸው ወደ ደሴቲቱ መጡ። «ከባሕራችሁ ጥቂቱን ዝጉና እዩት» አሉ። መጀመሪያ ሕዝቡ አልተቀበለም። «ቦታው የእኛ ነው፤ እንዴት አታስግሩ እንባላለን?» አሉ። ምሁራኑ አላዘዟቸውም። ተመላልሰው አስረዱ፤ ሌላ የተከለለ ቦታ ወስደው አሳዩአቸው። በመጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ከማስገሪያቸው አንድ አሥረኛ ያህሉን ዘጉ። ዘጠኙን እጅ እንደ ወትሮው ያሰግሩበት ነበር። የተዘጋውን ቦታ የሚጠብቁት ራሳቸው የመንደሩ ሰዎች ነበሩ።

ውጤቱ ወዲያው አልታየም። ዓመታት ወሰደ። በተዘጋው ቦታ ዓሣው በዛ፣ አደገ። ሲበዛ ደግሞ ወደ ውጭ ፈሰሰ። አስጋሪዎቹም ሩቅ መሄድ ቀርቶላቸው ከቤታቸው አጠገብ ማግኘት ጀመሩ። ቀድሞ የተቃወሙት ጠባቂ ሆኑ።

በዚያው አገር ሱሚሎን የምትባል ሌላ ደሴት አለች። እዚያ ቦታው የተዘጋው በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። አስር ዓመት ያህል ተጠበቀና ብዙ ዓሣ ተገኘ። በ1984 ግን ጥበቃው ፈረሰ። ሁሉም ወደ ተዘጋው ቦታ ገባ። ቦታ ሲጨመርላቸው የሚያገኙት ዓሣ ይጨምራል ብለው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠቅላላ የሚያገኙት ዓሣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የዘር እህሉን በሉት ማለት ነው።

ከሁለቱ ደሴቶች ምን እንማራለን? ከልሎ መጠበቅ ጥቅም አለው። ግን ሕዝቡ የራሴ ካላለው አይዘልቅም።

7. ከቅርባችን አንድ ምሳሌ

እንዲህ ያለውን ጥበብ ለመማር ባሕር ማዶ መሻገር የግድ አይደለም። ከእኛ በስተደቡብ በመንዝ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። እዚያ የሚበቅለው ጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ደጋው ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያስገባም። ሣሩ ሲደርስ በአንድ ቀን ይከፈትና ሁሉም በየድርሻው ያጭዳል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በዚህ ምክንያት ጓሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል።

ቀሮ ጉድለት ነበረበት። ድርሻ የነበራቸው ከቀድሞ አባቶች እንወለዳለን የሚሉት ብቻ ነበሩ። ሌላው ጎረቤት ከውጭ ቆሞ ያይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ የዘር ድርሻ ቀረ። ጥበቃው ለጊዜው ላላና ደጋው ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች ሁሉም እኩል የሚገባበት አዲስ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መለሱት። እንግዲህ ጥበቃና እኩልነት አብረው መሄድ እንዳለባቸው ከዚህ እንማራለን።

በጣናም ሙከራ አለ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ድርጅት ጣናንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። ነገሩ ከፓርክ ይለያል። ሰው አይባረርም። ቦታው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ጭራሽ የማይነካ እምብርት ነው። ሁለተኛው በልክ የሚነካ መከለያ ነው። ሦስተኛው ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። ነገር ግን በወረቀት መመዝገብ ብቻውን ሐይቅን አያድንም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው አረም ጣናን ሲወር አይተናል። ከማሳ ታጥቦ የሚገባ ማዳበሪያና ከከተማ የሚገባ ቆሻሻ ለእምቦጩ ቀለብ ይሆነዋል። መጠበቅ የሰው እጅ ይፈልጋል።

8. እኛስ ምን እናድርግ?

ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ዓሣውም ያለ ልክ እንዳይሰገር ይፈልጋል። ሕጉ ግን ሌሊት ሐይቅ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሰው ነው።

አስጋሪ የሆናችሁ፦ በማኅበራችሁ ተሰብስባችሁ የመረብ ዓይን ልክ ወስኑ። ልኩ ለሁሉም አንድ ይሁን። በአፏ እንቁላል ወይም ጫጩት የያዘች ቆሮሶ በሕይወት ካገኛችሁ መልሷት። ቆሮሶ ጎጆ የሚሠራበትን ዳር ታውቁታላችሁ። ከዚያ ውስጥ ትንሹን ዝጉ። ሁሉንም ዝጉ አላልንም። የሚዘጋበት ወር ደግሞ ችግር እንዳያመጣ አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ባለብዙ መረቡ ቀድሞ ይቀንስ እንጂ ባለአንድ መረቡ ቀድሞ አይቀጣ።

በዳርቻው የምታርሱ፦ ከውሃው አፍ ትንሽ ርቃችሁ እረሱ። በመካከል ቄጠማና ሣር ይቅር። ሣሩን በልክ እያጨዳችሁ ለከብት ማብላት ትችላላችሁ። ዳገቱ ላይ እርከን ሥሩ። እርከን የሠራ ገበሬ አፈሩን ለማሳው፣ ውሃውን ለሐይቁ አቆየ። ፀረ ተባይ የረጫችሁበትን ዕቃ ሐይቅ ውስጥ ወይም አንቀርቀሃ ውስጥ አትጠቡ።

በገዳሙና በመስጊዱ ያላችሁ አባቶች፦ ሕዝቡ ቃላችሁን ይሰማል። በገዳም ዙሪያ ያለው ዛፍ የቆመው መቶ ዘበኛ ስላለው አይደለም። ሰው የተከበረ ቦታ ነው ብሎ ስለሚፈራ ነው። የዓሣው ማራቢያም እንዲህ እንዲከበር ቄሱም ሼኩም ቢናገሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይበልጣል።

በደሴና በኮምቦልቻ የምትኖሩ ወይም እዚያ ገበያ የምትወጡ፦ «እኛ ሐይቅ የለንም» አትበሉ። ዓሣው የሚሰገረው ለእናንተ ነው። በተለይ በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል። የመዳፍ ያህል ትንሽ ዓሣ የሚገዛ ከሌለ የሚያወጣ አይኖርም። ሻጩን «ይህ ገና ሕፃን ነው፣ ትልቁን አምጣልኝ» በሉት። ደግሞም ቦርከናን አትርሱት። ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የከተማውና የፋብሪካው ፍሳሽ ሳይጣራ ከገባበት በታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ ከብቱን ያጠጣል፣ አትክልቱን ያለማል። የውሃ ጎረቤትነት እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል።

9. ፊደል ለዚህም ይጠቅማል

ማንበብና መጻፍ የተማራችሁት ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ አይደለም። በየማኅበሩ አንድ ደብተር ይኑር። በየሳምንቱ አራት ነገር ይጻፍበት።

ሀ. ቀኑና ወሩ።
ለ. ስንት መረብ እንደተጣለ።
ሐ. ስንት ዓሣ እንደተያዘ፣ ክብደቱም ስንት ኪሎ እንደሆነ።
መ. ከሴቶቹ ስንቶቹ እንቁላል ይዘው እንደተገኙ።

ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ግለጡ። እንቁላል የያዙት የበዙበት ወር ራሱ ይነግራችኋል። መዝጋት ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው። ዓሣው በቁጥር ያው ሆኖ በኪሎ ከቀነሰ ደግሞ ትንንሹን እየበላችሁ ነው ማለት ነው። ባለሙያ ሲመጣ በባዶ እጅ አትከራከሩ፤ ደብተሩን አሳዩት። የሕዝብ ደብተር ያለው መንደር «ሳትጠይቁን ከለላችሁብን» ብሎ አያለቅስም። ራሱ ይከልላል፣ ራሱ ይከፍታል።

አዳዲስ ቃላት

ማስገር፦ ዓሣን በመረብ ወይም በመንጠቆ መያዝ።
የመረብ ዓይን፦ በመረብ ክሮች መካከል ያለ ቀዳዳ።
ደለል፦ በጎርፍ ታጥቦ ውሃ ውስጥ የሚከማች አፈር።
አልጌ፦ ውሃ ውስጥ የሚበቅል በጣም ደቃቅ አረንጓዴ ነገር።
መከለል፦ አንድን ቦታ ለይቶ እንዳይነካ መጠበቅ።

ጥያቄዎች

በቡድን ሆናችሁ አንብቡና ተወያዩባቸው።

1. ሴት ቆሮሶ እንቁላሏን የምታስቀምጠው የት ነው?
2. ከሐይቅ በመሬት ላይ የሚወጣ ወንዝ አለመኖሩ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. አንድ አስጋሪ 25 ዓሣ ያዘ። እያንዳንዱ 200 ግራም ቢመዝን ስንት ኪሎ ይሆናል?
4. የአፖ ሰዎች መጀመሪያ ለምን ተቃወሙ? በኋላስ ለምን ጠባቂ ሆኑ?
5. በሱሚሎን የተዘጋው ቦታ ሲከፈት ዓሣው ለምን አልጨመረም?
6. በእናንተ አካባቢ የጋራ የሆነና እያለቀ ያለ ነገር ምንድን ነው? ማን ይጠብቀው? ሲከለል ማን ሊጎዳ ይችላል? ለሚጎዳው ሰው ምን ታደርጉለታላችሁ?

ለስድስተኛው ጥያቄ መልሱን በቃል ብቻ አትተዉት። ጻፉትና በሚቀጥለው ስብሰባ አንብቡት።